ዛብን ማላላት

የ14 ዓመት ልጅ ሳለሁ አንዲት ዳማ ባዝራ ገራሁ፤ ቢያንስ የሰፈራችን ሰው ሁሉ «ገራት» ብሎ መስክሮልኛል። ወሩ ሐምሌ ነበር። አጎቴ ለጤፍ የታረሰ፣ ገና ያልተዘራ፣ ጭቃው እስከ ጉልበት የሚውጥ ማሳ መረጠልኝ። አንዱ ሰው ጆሮዋን ጠምዝዞ ያዘ፣ ሌላው አፍሳሯን አጥብቆ ጎተተ፣ እኔም ያለ ኮርቻ ጀርባዋ ላይ ወጣሁ። ዘለለች፤ ጭቃው ያዛት። ልትሮጥ ሞከረች፤ ጭቃው አደከማት። ስትቆም ከኋላ በአለንጋ እየተመታች እንደገና ትነሣለች፣ እንደገናም ትደክማለች። በሦስተኛው ቀን ላቧ ደረቷ ላይ ነጭ አረፋ ሆኖ፣ እግሮቿ እየተንቀጠቀጡ፣ የፈለግነውን ብናደርግባት የማትንቀሳቀስ ሆና ቆመች። አጎቴም «ጎሽ! ገራሃት!» አለኝ፤ እኔም ያን ቀን ከቤታችን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ድረስ እየጋለብኩ ስሄድ ከዚያ የሚበልጥ ክብር በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ባዝራዋ ከዚያ በኋላ ለዓመታት አገለገለችን። እህል ወደ ገበያ አደረሰች፣ ሙሽራ አጀበች፣ ለቅሶ አደረሰች። ነገር ግን ግጦሽ ላይ ከተለቀቀች በበቆሎ ካልተታለለች በቀር አትያዝም ነበር። ኮርቻ ይዘን ስንቀርብ የጎኗ ቆዳ ዝንብ ያረፈበት ይመስል ይርገበገባል፤ አንገቷን ሽቅብ ሰቅላ የዓይኗ ነጭ እስኪታይ ድረስ ታፈጣለች። ይህን ሁሉ እያየሁ «ጠባይዋ ነው» እል ነበር። ፈረስ መግራትን እንጀራዬ ካደረግሁት በኋላ ነው ያ ጠባይ በሦስት ቀን ውስጥ በእጄ የሠራሁት መሆኑ የገባኝ። ዛሬ ስለዚህ ሙያ ለመጻፍ ስነሣ ከእርሷ ሌላ መነሻ ላገኝ ያልቻልኩትም ለዚህ ነው።

የተወለድኩት ከእንጅባራ ብዙም በማይርቅ የገጠር ቀበሌ ነው። አገው ምድርን ለማያውቅ አንባቢ፣ በሌላው የጎጃም ክፍል ለበሬ ብቻ የተተወው ሥራ እኛ ዘንድ የፈረስም ሥራ እንደሆነ መንገር ያስፈልጋል፤ ፈረስ ቀንበር ተጭኖ ያርሳል፣ ይጭናል፣ ጋሪ ይጎትታል፣ በበዓል ቀን ደግሞ አጊጦ ሜዳ ይወጣል። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ማኅበር ሲሆን፣ ዛሬ አባላቱ በአሥር ሺዎች ይቆጠራሉ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን፣ በቅዱስ ጊዮርጊስ ዕለት፣ የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. በዓድዋ ድል ለተደረገበት ጦርነት ከአርበኞቹ ጋር የዘመቱትን ፈረሶች ውለታ ጭምር የሚያስበው በዓል በእንጅባራ ይከበራል። ሰው ለሰው ሐውልት ማቆሙ የተለመደ ነው፤ ለፈረሱ ቀን ቆርጦ የሚያመሰግን ሕዝብ ግን ብዙ ያለ አይመስለኝም፤ በዚህም ከልቤ እኮራለሁ።

ይሁን እንጂ ሥራው ዓይኔን ከለወጠው ወዲህ በዚያ ሜዳ ላይ ቆሜ የማየው ሌላ ነገር ነው። ድሮ ጀርባው ላይ የሚለብሰውን ግላስ፣ የተጠለፈውን ጥልፍ፣ የጋማውን አበጣጠር አይ ነበር። አሁን አፋቸውን አያለሁ። ዛቡ፣ ማለትም ከልጓሙ እስከ ጋላቢው እጅ የሚደርሰው ጠፍር፣ በኃይል ሲሳብ የልጓሙ ብረት ምላስና ድድ ላይ ሲያርፍ ፈረሱ አፉን ይከፍታል፣ አንገቱን ይሰቅላል፣ ጀርባውን ያጎደጉዳል፤ ከሩቅ ለሚያይ ሰው ይህ ወኔ ይመስላል። እኔም ለብዙ ዓመታት ወኔ መስሎኝ አጨብጭቤለታለሁ።

ወደ ሙያው የገባሁት በዕቅድ አልነበረም። 12ኛ ክፍልን ጨርሼ ቤት በተቀመጥኩበት ዓመት አንድ የከብት እርባታ ሠራተኛ ይፈልጋል ሲባል ሄድኩ። እርባታው ሰፊ የግጦሽ መሬት፣ ወደ 200 የሚጠጉ ከብቶችና ለጥበቃ የሚያገለግሉ 9 ፈረሶች ነበሩት። ፈረሰኛ እሆናለሁ ብዬ ነበር የሄድኩት፤ የተሰጠኝ ግን አካፋ ነው። ለስድስት ወር ያህል ጋጣ ጠረግሁ፣ ድርቆሽ ከመርኩ፣ ውሃ ቀዳሁ፣ መዥገር ለቀምሁ፣ ሰኮና ውስጥ የተጠቀጠቀ ጭቃና ጠጠር በእንጨት ጫፍ አወጣሁ። በወቅቱ የተናቅሁ መስሎኝ ነበር። ዛሬ ልማር ብሎ ለሚመጣ ወጣት የምሰጠው የመጀመሪያ ሥራ ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ፈረስን ምንም ሳይጠይቁት አብሮት የዋለ ሰው ብቻ ነው ፈረሱ በሰላም ቀን ምን እንደሚመስል የሚያውቀው። የሰላሙን መልክ ያላወቀ ሰው የፍርሃቱን መነሻ ሊለይ አይችልም፤ ጆሮ ወደ ኋላ መለጠፉን ያያል እንጂ ከዚያ በፊት ከንፈር መጨበጡን፣ ከዚያም በፊት ትንፋሽ መያዙን አያይም።

የእረኞቹ አለቃ ሁላችንም «አያ» ብለን የምንጠራቸው አዛውንት ነበሩ። ንግግር አይወዱም። አንድ ቀን አንድ ወጣት ፈረስ ለመያዝ ግማሽ ሰዓት ስባክን አይተውኝ ቆዩና ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ፈረሱን አትየው፤ ሣሩን እየው» አሉኝ። አፍሳሩን ከእጄ ወስደው ወደ ፈረሱ በጎን፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ ምንም ጉዳይ እንደሌለው ሰው ተራመዱ። ፈረሱ ቀና ሲል ቆሙ። ጆሮውን ወደ እርሳቸው ሲያዞር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ መለሱ። ይህን ደጋግመው ሲያደርጉ፣ በመጨረሻ የመጡት እርሳቸው ይሁኑ ፈረሱ ሳይለይ አፍሳሩ አንገቱ ላይ ገባ። ያደረጉትን እንዲያስረዱኝ ብለምናቸው «ምኑን? ዝም ብዬ መሄዴን?» ብለው ገርሟቸው ተመለከቱኝ። የሚያደርጉትን ለእርሳቸው ያስተማራቸው የለም፤ እርሳቸውም ለሌላው የሚያስረዱበት ቃል አልነበራቸውም።

የቀረውን ከብቶቹ አስተማሩኝ። በፈረስ ሆኖ ከብት የሚነዳ ሰው ቶሎ የሚገባው አንድ ነገር አለ፤ የላም ሚዛን ትከሻዋ ላይ ነው። ከትከሻዋ ወደ ኋላ ብትሆን ወደ ፊት ትሄዳለች፣ ከትከሻዋ ወደ ፊት ብትቀድም ትቆማለች ወይም ትዞራለች። ከዚህም ሌላ እያንዳንዷ ላም በዙሪያዋ የማይታይ አጥር አላት፤ ከአጥሩ ውጪ እስካለህ ድረስ ታመሰኳለች፣ ጥሰህ ከገባህ ትሸሻለች፣ በጥሰህ ከሮጥህ ደግሞ ትበረግጋለች። ሥራው ሁሉ በዚያ አጥር ጠርዝ ላይ መግባትና መውጣት ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ይህን ስሠራ ከሥሬ ያለው ፈረስም አብሮኝ ይማር ነበር። ዝም ብሎ ሜዳ ላይ «ዙር» ሲባል የሚቸገረው ፈረስ፣ ልታመልጥ የምትሮጥ ጊደር ፊቱ ስትሆን መዞር ለምን እንደሚጠቅም ይገባዋል። ለፈረስ ምክንያት ያለው ሥራ ከመቶ ልምምድ ይበልጥበታል የሚለው እምነቴ የመጣው ከዚያ ግጦሽ ነው።

ከአገር ውጪ ያለውን ትምህርት ያገኘሁት ከዚያ በኋላ ነው። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከከተማ በስልኩ ጭኖ የመጣ ቪዲዮ አሳየኝ፤ ባርኔጣ ያጠለቀ አንድ አሜሪካዊ በክብ አጥር ውስጥ ካልተገራ ፈረስ ጋር ብቻውን ቆሟል። የሚናገረው አይገባኝም ነበር፤ ስለዚህ እጁንና እግሩን ብቻ ተመለከትኩ። በጎን ተራመደ። ፈረሱ ቀና ሲል ቆመ። ጆሮውን ሲያዞርለት ወደ ኋላ አንድ እርምጃ መለሰ። ቪዲዮውን አስቁሜ ወደ ግጦሹ ቀና አልኩ፤ አያ ከሩቅ በትራቸውን ተደግፈው ቆመው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ደመወዜን ስቀበል ዳንግላ እየሄድኩ፣ ኢንተርኔት ቤት ተቀምጬ፣ መዝገበ ቃላት በእጄ ይዤ ያገኘሁትን ሁሉ አነበብኩ። ይህ «ተፈጥሯዊ የፈረስ አያያዝ» የሚባለው መንገድ በአሜሪካ ምዕራባዊ ክፍል ከሚገኙት የከብት እርባታዎች የወጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1906 የተወለደው ቢል ዶራንስና በ1910 የተወለደው ወንድሙ ቶም ዶራንስ በኦሪገን በከብት እርባታ ቤተሰብ ያደጉ ሰዎች ነበሩ። ከቶም የተማረው ሬይ ሀንት ከተማ ለከተማ እየዞረ ለሕዝብ ማስተማር ጀመረ፤ ከሬይ ሀንት ደግሞ ባክ ብራናማንን የመሳሰሉ ተማሪዎች ወጡ። ከእነርሱም በፊት በካሊፎርኒያ የስፔን ወግ ያላቸው ከብት ጠባቂዎች ወጣት ፈረስ ብረት ሳያጎርሱ አፍንጫው ላይ በሚያርፍ በተገመደ ቆዳ ብቻ እየጋለቡ ለረጅም ጊዜ ያሠለጥኑት ነበር፤ ልጓም የሚገባው ፈረሱ ሥራውን ከተማረ በኋላ ነው። ይህን ሳነብ የእኛን ባዝራ አስታወስኩ፤ እኛ ብረቱን ያጎረስናት በአራተኛው ቀን ነበር።

የትምህርቱ ፍሬ በአጭሩ ሲነገር ቀላል ይመስላል። በእግር ትጫናለህ፣ ዛቡን ትስባለህ ወይም በቁመናህ ትገፋለህ፤ ፈረሱ መልሱን እየፈለገ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ልክ ወደ ፈለግኸው አቅጣጫ ያሰበባት ቅጽበት ላይ ግፊቱን ታነሳለህ። የሚማረው ያን ጊዜ ነው። ጉተታው ጥያቄ ነው፤ መልሱ ትክክል መሆኑን የሚነግረው የዛቡ መላላት ብቻ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ዛቡን ስቦ፣ ፈረሱ ቆሞለት፣ እርሱ ግን መሳቡን ካላቆመ ለፈረሱ የነገረው «መቆምህ ስሕተት ነው» የሚል ነው። ፈረሱም ሌላ መልስ ይፈልጋል፤ አንገቱን ይሰቅላል፣ ይቀድማል፣ በሁለት እግሩ ይቆማል። ያን ጊዜ «አመለኛ ነው» ይባልና የበለጠ ስለታም ልጓም ይገዛለታል።

ከራሴ እጅ ጋር የታገልኩት በዚህ ቦታ ነው። ማጥበቅ ማንም ይችላል፤ በጊዜው ማላላት ግን እንደ ዜማ የሚለመድ ነገር ነው። ለወራት ያህል ሁልጊዜ እዘገይ ነበር። ፈረሱ እግሩን ካነሳ በኋላ፣ እርምጃውን ከጨረሰ በኋላ፣ ቆሞ ሌላ ነገር ማሰብ ከጀመረ በኋላ ነበር የምለቀው፤ ስለዚህ የተማረው የመጨረሻውን እንጂ የጠየቅሁትን አልነበረም። አንድን ፈረስ ወደ ኋላ እንዲሄድ አስተምራለሁ ብዬ ጭንቅላቱን መነቅነቅ አስተምሬዋለሁ፤ ምክንያቱም ዛቡ ከእጄ የሚያመልጠኝ ሲነቀንቅ ስለነበር ነው። ያን ልማድ ለማስተው ከአራት ወር በላይ ፈጅቶብኛል።

ከእርባታው ስወጣ ከአባቴ መሬት ጥግ ላይ ክብ በረት ሠራሁ። የውጪዎቹ መጽሐፎች የሚያዙት ስፋት ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 18 ሜትር ያህል ነው፤ መሐል ላይ ችካል ተክዬ 9 ሜትር ገመድ አዙሬ መስመሩን አሰመርኩ። ቋሚውን በባሕር ዛፍ፣ ማገሩን እንጅባራ በሞላበት በቀርከሃ አደረግሁት። (ቀርከሃ ሲሰበር እንደ ቢላዋ ይሆናል፤ ይህን ጽሑፍ አንብቦ በረት ለመሥራት የሚነሣ ሰው ካለ ማገሩን ከውጪ በኩል ይሰር፣ ቁርጡንም በጨርቅ ይጠቅልል። እኔ ይህን የተማርኩት በአንድ ውርንጭላ ትከሻ ነው፤ ጠባሳው ዛሬም አለ።)

በዚያ በረት ውስጥ የሠራሁት የመጀመሪያው ፈረስ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት የ3 ዓመት ቦራ ነበር። በቪዲዮ እንዳየሁት በዙሪያው አስሮጥኩት። ሞንቲ ሮበርትስ የተባለው የካሊፎርኒያ ሰው በዓለም ያሳወቀው ስልት ነው፤ ፈረሱን በክቡ ውስጥ ታስሮጠዋለህ፣ ወደ አንተ ያለው ጆሮው ሲዞር፣ አንገቱ ሲወርድ፣ ከንፈሩን ሲልስና ሲያላምጥ ጀርባህን ሰጥተህ ትቆማለህ፣ እርሱም ወደ አንተ ይመጣል። ቦራው መጣ። አፍንጫውን ትከሻዬ ላይ ሲያሳርፍ ዕንባዬ መጣ። በማግስቱም እንዲሁ አደረግሁ፣ በሦስተኛውም ቀን። በአራተኛው ቀን ፈረሱ ወደ በረቱ ሲገባ ላቡን ገና ሳያልበው አንገቱን ደፍቶ መሐል ላይ መጥቶ ቆመ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ነገር ግን ያ አቋቋም ከየት እንደማውቀው ድንገት ታወቀኝ። በጭቃው ማሳ ላይ በሦስተኛው ቀን ያየሁት አቋቋም ነው። ዓይኑ ክፍት ሆኖ ሳለ የሚያየው ነገር አልነበረም። ላለመሮጥ ሲል ብቻ ነበር የመጣው።

ስለዚህ ስልት ክፉ መናገር አልፈልግም፤ ፈረሱን አስተውሎ የሚያይ ሰው ከያዘው ይሠራል። ነገር ግን ጭቃውን ትቼ በምትኩ ክብ አጥር አመጣሁ እንጂ የማደርገው ያው ማድከም ነበር። የውጪ ዕውቀት ሁሉ የተሻለ ነው ብሎ ለሚያስብ ወጣት የምነግረው ይህን ነው። ቦራውን ከዚያ በረት አውጥቼ ወደ ግጦሽ ወሰድኩት፤ ለሁለት ሳምንት ያህል የሠራነው ሥራ በረጅም ገመድ አብሮ መሄድ፣ መቆም፣ ሣር መጋጥ፣ እንደገና መሄድ ብቻ ነበር። ሲሰለቸው ዞር ይላል፤ ዝም እለዋለሁ። በአሥራ አንደኛው ወይም በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ሣር እየጋጠ ሳለ ገመዱን ጥዬ ስሄድ ቀና ብሎ አየኝና ተከተለኝ። የሚያስሮጠው ማንም አልነበረም፤ ሣሩም ከፊቱ ነበር። አያ ያሉኝ ሣር ይኸው ነበር መሰለኝ።

የፈረስን አካል ማወቅ ከዚህ ሁሉ የማይለይ ነገር ነው። ዓይኖቹ በጎንና በጎን ስለሆኑ ዙሪያውን ከሞላ ጎደል ያያል፤ የማያየው በቀጥታ ግንባሩ ፊትና በቀጥታ ጭራው ኋላ ያለውን ብቻ ነው። እኛ ደግሞ ልንዳብሰው እጃችንን የምንዘረጋው ግንባሩ ላይ ነው፤ ያላየው እጅ ዓይኑ ሥር ሲደርስ ይደነብራል፣ ስለ ደነበረም ይመታል። ሌላው ዕድሜ ነው። የፈረስ የፊት የወተት ጥርሶች በየተራ በ2 ዓመት ተኩል፣ በ3 ዓመት ተኩልና በ4 ዓመት ተኩል ገደማ ይቀየራሉ፤ የአከርካሪ አጥንቱ ዕድገት የሚጠናቀቀው ግን ከ5 ዓመት በኋላ ነው። በእኛ አካባቢ 2 ዓመት የሞላው ፈረስ ጭነት ይጫናል፣ ይጋለባል፤ በ10 ዓመቱ ጀርባው ሲሰምጥ «አረጀ» ይባላል። ባለቤቶቹን አልፈርድባቸውም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ እየቀለቡ መጠበቅ ለደሃ ገበሬ ቀላል አይደለም። ቢሆንም ጥርሱን እያሳየሁ «ይህ ገና ሕፃን ነው» ማለቴን አላቆምኩም።

ከሁሉም በላይ ጊዜዬን የሚወስደው ግን ኮርቻ ነው። አንድ ዓመት ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ አንድ አባት አምባላይ ፈረሳቸውን ይዘው መጡ። ፈረሱ ሊወጡበት ሲሉ ይዞራል፣ ይነክሳልም።

«ለጥር 23 አድርስልኝ፤ ያለ ፈረስ ሜዳ ወጥቼ አላውቅም» አሉኝ።

ግላሱን አንስቼ እጄን ትከሻው ላይ ሳሳልፍ ፈረሱ ጉልበቱ ታጠፈ። ፀጉሩ ሥር ሁለት የእጅ መዳፍ የሚያህል ያበጠ ሥጋ ነበር፤ በአንዱ በኩል ቆዳው ቆስሎ መግል ይዟል። የኮርቻው የእንጨት አጥንት አንዱ ጎን ተሰንጥቆ ወደ ውስጥ ገብቶ ነበር።

«አባቴ፣ ይህ ፈረስ አመል የለበትም፤ እያመመው ነው። ቁስሉ እስኪድን ድረስ አልሠራበትም፤ እርስዎም አይውጡበት» አልኳቸው።

«ልጄ፣ እኔ ገራልኝ ብዬ ነው የመጣሁት፤ ሐኪም አልፈለግሁም።»

«ለመግራቱ እኔ አለሁ። ግን ጀርባው ሳይድን ብገራልዎ የማስተምረው ሕመሙን ዝም ብሎ እንዲችል ነው።»

ብዙ ዝም አሉ። ከዚያ ቀስ ብለው እጃቸውን እኔ ባስቀመጥኩበት ቦታ አኖሩ፣ ፈረሱም ሸሸ። «ይህን ሁሉ ጊዜ ነው?» አሉ ለራሳቸው። ወደ እንስሳት ሕክምና ክሊኒክ አብረን ወሰድነው። በዚያ ዓመት በዓሉን የዋሉት በእግራቸው፣ ፈረሱን በአፍሳር እየሳቡ ነው። ቁስሉ ለመዳን ሁለት ወር ያህል ፈጀ፤ ኮርቻውን ባለሙያ አደሰው፤ ከዚያ በኋላ በእኔ በኩል የቀረው ሥራ የአንድ ሳምንት ነበር። ለስልጠና ከሚመጡልኝ ፈረሶች መካከል ስንቶቹ አመል እንደሌለባቸው፣ ስንቶቹ ጀርባቸውን፣ ጥርሳቸውን ወይም ሰኮናቸውን ብቻ እንደሚያማቸው ሳስብ ሰዎች ለምን ሐኪምን ትተው መጀመሪያ ወደ ገሪ እንደሚሄዱ ይገርመኛል። እንስሳው ሲያመው ዝም ስለሚል ይመስለኛል፤ የሚጮኸው ውሻ ነው። ፈረስ ሲታመም እንዳይታወቅበት የሚጥር እንስሳ ነው፤ የደከመው ከመንጋ ተለይቶ የሚበላበት ዘመን ደሙ ውስጥ አለና።

የጋሪ ፈረሶች ጉዳይ ራሱን የቻለ ጽሑፍ የሚፈልግ ስለሆነ እዚህ አልገባበትም።

አንድ ነገር ግን ሳልናገር ማለፍ አልችልም። የእኛ ነገሥታትና የጦር አለቆች በፈረሳቸው ስም ይጠሩ ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ። ስሙ እስከ ዛሬ ይፎከርበታል። የቤተ መንግሥቱን ፈረሶች የሚያስተዳድረውም ባልደራስ የሚል ማዕረግ ነበረው። እነዚያን ፈረሶች ከውርንጭላነታቸው ጀምሮ በእጁ ያሳደጋቸው፣ የመድፍ ድምፅ ሲሰሙ እንዳይደነብሩ ያስለመዳቸው ሰው ግን ስሙ በየትኛው ፉከራ ውስጥ ይገኛል? ያ ሰው በማድከም ብቻ ሠርቶ ቢሆን ኖሮ ፈረሱ ጌታውን ይዞ ወደ እሳት የሚገባ አይመስለኝም። ስለዚህ ይህ ዕውቀት ለእኛ አገር ባዕድ ነው የሚሉኝን አልቀበላቸውም። መግራት የሚለው ቃልና ገር የሚለው ቃል ለእኔ ጆሮ ዘመዳሞች ናቸው። አያ ያለ ቃል ይዘውት የነበረው ነገር ምናልባት ከዚያ የተረፈ ነው፤ እርሳቸውም ከአራት ዓመት በፊት ዐረፉ፣ የሚያደርጉትን በስልክ ሳልቀርፅ። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ዛሬ በዓመት 15 ያህል ፈረሶች እሠራለሁ። ባለቤቱ ቢያንስ በሳምንት ሁለት ቀን አብሮኝ ካልዋለ አልቀበልም፤ ለእኔ የሚቆም ፈረስ ዛቡን በጊዜው ለማያላላ እጅ በአንድ ወር ውስጥ ይበላሻልና። ይህ ደንብ ብዙ ሥራ አሳጥቶኛል። የቀሩት ግን ልጆቻቸውን ይዘው ይመጣሉ፤ ልጆች ደግሞ ከአባቶቻቸው ቀድመው ይማሩታል፤ እጃቸው ለመጎተት ገና ጉልበት የለውምና።

ባዝራዋ በሕይወት አለች። 20 ዓመት አልፏታል፤ ጥርሷ ስላለቀ ገለባ አትችልም፣ አጎቴ የተፈጨ መኖ በውሃ ያርስላታል። ጋማዋ ሸብቷል፣ ከዓይኖቿ በላይ ያለው ጉድጓድ ጠልቋል። ባለፈው ዓመት ጡረታ እንድትወጣ ለመንኩትና እሺ አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ ኮርቻ አልነካትም። ኮርቻ ተሸክሞ በአጠገቧ የሚያልፍ ሰው ስታይ ግን ቆዳዋ አሁንም ይርገበገባል። 17 ዓመት ሆኖታል።

ከጥቅምት ጀምሮ በየእሑዱ ከቅዳሴ በኋላ ወደ ግጦሹ እወርዳለሁ። አፍሳርም በቆሎም አልይዝም። ከእርሷ 50 እርምጃ ያህል ርቄ በጎን እቆማለሁ፣ ሣሩን አያለሁ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ገና ስታየኝ ወደ ወንዙ ትወርድ ነበር። ከኅዳር ሚካኤል በኋላ መሸሿን ተወች፤ ጀርባዋን ሰጥታኝ ትግጣለች። ባለፈው እሑድ ደግሞ ጉሙ ገና ሳይገፈፍ ደረስኩ። ቀና ብላ ረጅም ጊዜ አየችኝ። እኔ ሣሩን አየሁ። አንድ እርምጃ ወደ እኔ መጣች፣ ቆመች፣ በአፍንጫዋ ነፋች፤ ከዚያ ሌላ አንድ እርምጃ ጨመረች።

ዞር ብዬ ወደ ቤት ሄድኩ።